ደሴ ተቀምጦ መጽሐፍ ማሳተም፦ ካርቶኑ አልጋ ስር እንዳይቀር

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በራሳቸው ወጪ መጽሐፍ ያሳተሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። የአብዛኞቹን ካርቶንም አውቃለሁ። የአንዱ አልጋ ስር ነው፣ የሌላው አክስቱ ጓዳ ውስጥ። የእኔ የመጀመሪያ መጽሐፍ 1000 ኮፒ ታትሞ ሦስት ክረምት ወንድሜ ቤት ኮሪደር ላይ ከረመ። ድርሰቱ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። (እናቴም እንደዚያ ነው የምትለው።) ያበላሸሁት ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ አሳተምኩ፣ ከዚያ ገዢ ፍለጋ ወጣሁ።

ከዚህ በታች ያለው የዚያ ተቃራኒ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ አራተኛውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ፍላሽ፣ ረቂቁ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር። በሁለት ወር እናደርስላችኋለን የሚል ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉት። ብድር ግን አትዘጋጁ። መጽሐፍ በብድር አይታተምም። የሚመለሰው ገንዘብ በጠብታ ነው የሚመጣው፣ አበዳሪ ደግሞ ጠብታ አይወድም።

ደረጃ 1፦ ረቂቁን ጨርሱና ደብቁት

1. በቀን አንድ ገጽ ጻፉ። አንድ ገጽ ትንሽ ይመስላል። በሰባት ወር ግን ከ200 ገጽ በላይ ነው።
2. እስክትጨርሱ ወደኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሥራ አምስት ጊዜ ያሳመረ፣ ሁለተኛውን ግን ያልጀመረ ጓደኛ አለኝ።
3. ሲያልቅ ለሦስት ሳምንት አትክፈቱት።
4. ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጊዜ የለኝም የምትሉ፣ በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ከሆነ መንገዱን ተጠቀሙበት። ግን ሐረጎን ስትወርዱ ስልክ ላይ አትጻፉ፣ ያጥወለውላል። ድምፃችሁን ቅዱና ማታ ገልብጡት።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለአማርኛ የግድ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይበላል» ብላችሁ ስትጽፉ በላተኛው ነው ወይስ የሚበላው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? እናንተ የጻፋችሁት ስለሆነ አያደናቅፋችሁም። ሌላ ሰው ያነብላችሁ። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ መስመር አስምሩ፣ ዓረፍተ ነገሩንም እንደገና ሥሩት።

ደረጃ 2፦ አምስት አንባቢ

አምስት ሰው ምረጡ። አንዱ የቋንቋ መምህር ይሁን። አንዱ መጽሐፍ ብዙ የማያነብ። አንዱ ደግሞ በጣም የማይወዳችሁ። «አሪፍ ነው በርታ» የሚል የሠፈር ልጅ አይቆጠርም።

ወረቀት ላይ አትማችሁ ስጧቸው፣ ኅዳጉን ሰፋ አድርጉት። ፋይል ግን ለማንም አትላኩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ትደርሱበታላችሁ። ስትቀበሏቸው «እንዴት ነው?» አትበሉ። እነዚህን ጠይቁ፦

- የቱ ገጽ ላይ አስቀመጥከው?
- የቱን ሰው ከየቱ ጋር አምታታኸው?
- ለሌላ ሰው «ላንብብልህ» ያልክበት ገጽ አለ?

ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጡት ያ ቦታ ሞቷል። ቁረጡት። አንዱ ብቻ ካማረረ ግን ዝም በሉ፣ ሆዱን አሞት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የቃል ገጽ ይዛችሁ አርታኢ ጋር ሂዱ

የቃል ገጽ ማለት በአንድ ወረቀት ላይ «እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው» የምትሉበት ዝርዝር ነው። ሐይቅ ወይስ ሃይቅ? ወልዲያ ወይስ ወልድያ? ዓለም ወይስ አለም? ፀሐይ ወይስ ጸሀይ? አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት። አንባቢ በ«ሐ» እና በ«ሀ» አይጣላችሁም። አንዱ ገጽ ላይ በአንዱ፣ ሌላው ገጽ ላይ በሌላው ሲያይ ግን መጽሐፉ በችኮላ እንደተሠራ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው ክፍል ለወሎ ጸሐፊ ነው። የምትጠብቋቸውን ቃላት ጻፉ። ገጸ ባሕሪያችሁ «አብሽር» ካለ አርታኢው «አይዞህ» ብሎ ሊያቃናው ይችላል። «ጀባ» ወደ «እንካ» ትቀየራለች። አርታኢው ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም፣ ስህተት መስሎት ነው። ወረቀቱን መጀመሪያ ስጡት።

*አርታኢ ስትቀጥሩ፦* ሙሉውን ከመስጠታችሁ በፊት አሥር ገጽ አስሞክሩ። ኮማ ብቻ ጨምሮ የመለሰ አራሚ ነው፣ አርታኢ አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ለአራሚ የአርታኢ ዋጋ አትክፈሉ።

ደረጃ 4፦ ገዢ ቁጠሩ

ብዙዎቻችን የወደቅነው እዚህ ነው። ደብተሩን አውጡ።

1. መጽሐፉን ይገዛል የምትሉትን ሰው ስም ከነስልኩ ጻፉ። «የደሴ ወጣት» ስም አይደለም። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች»ም አይደለም።
2. ለእያንዳንዱ ደውሉ። «መጽሐፍ ላሳትም ነው፣ ይህን ያህል ብር ነው፣ አንድ ላስቀምጥልህ?» በሉ።
3. «እሺ» ያለውን ምልክት አድርጉ። «ኢንሻአላህ» እና «እግዜር ካለ» ያሉትን በሌላ ዓምድ ጻፉ። ሸጋ ቃላት ናቸው፣ ግን ለማተሚያ ቤት አይከፈሉም።
4. ከደሴ ወጥተው አዲስ አበባ፣ ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ያሉትን አትርሱ። እነሱ ለራሳቸው ባይደርሳቸው እንኳ ለቤተሰብ ይገዛሉ።

የፌስቡክና የቲክቶክ ላይክ አይቆጠርም። እኔ 2000 ላይክ ያገኘ ሽፋን ለጥፌ ከዚያ ውስጥ 19 ሰው ነው የገዛኝ።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ምልክት ያለው ስም ከ100 በታች ከሆነ በዲጂታል ማተሚያ 50 ወይም 100 ኮፒ አሳትሙ። ለአንዱ ኮፒ የሚወጣው ይወደዳል፣ ጠቅላላው ግን ኪስ አይቀድም። ከ200 በላይ ከሆነ ወደ ኦፍሴት ሂዱ። ኦፍሴት ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ) ስላለው መነሻው ውድ ነው። ኮፒው ሲበዛ ግን የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ያ መውረድ ነው ሰው 3000 እንዲያዝ የሚያታልለው። የአንዱ ዋጋ ረከሰ ማለት የማይሸጠው ረከሰ ማለት አይደለም።

*ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ተስፋ ከቆረጣችሁ፦* አብሽሩ። ሁለት ወር ጨምሩ። ከመጽሐፉ አጫጭር ቁራጭ በየሳምንቱ አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ አውጡ፣ አንባቢ ክበባት ሂዱና አንብቡ፣ ከዚያ እንደገና ደውሉ።

ደረጃ 5፦ ሂሳቡን በእስክሪብቶ ሥሩ

የወረቀት ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ስለዚህ የኔን ቁጥር ለስሌት ብቻ ውሰዱት። ወጪ በሙሉ (አርታኢ፣ ሽፋን፣ ህትመት፣ ጭነት፣ የእናንተ ጉዞ) 200,000 ብር ነው እንበል። 1000 ኮፒ አሳተማችሁ። የሽፋን ዋጋ 400 ብር። መጽሐፍ መደብሩ 35 በመቶ ቢወስድ እጃችሁ የሚገባው 260 ብር ነው።

ሁሉንም በመደብር ብትሸጡ ወጪያችሁን ለመመለስ 770 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። 300ውን በእጃችሁ በሙሉ ዋጋ ብትሸጡስ? ያ 120,000 ብር ነው። የቀረውን 80,000 ለመሙላት መደብሩ 308 ቢሸጥ ይበቃል። በድምሩ 608። የደብተሩ ስም ዝርዝር 162 መጽሐፍ ቆጠበላችሁ ማለት ነው።

50 ኮፒ በነጻ እንደሚሄድም አስቡ። ዘመድ አለ፣ አርታኢ አለ፣ «ፈርመህ አትሰጠኝም?» የሚል አለቃ አለ።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን አስተካክሉ

ማተሚያ ቤት የሚደርሰው ስህተት ግማሹ የሚወለደው እዚህ ነው። ቀስ በሉ።

1. ፊደሉ ዩኒኮድ (የትኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው) ይሁን። ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ይሆናሉ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተለቀመ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። የኔ ምዕራፍ ሰባት እንዲህ ሆኖ ታትሟል ልል ነበር፣ ደግነቱ ለፕሌት ሳይደርስ አንዱ ልጅ አየው።
2. አራት ነጥብን አጽዱ። ብዙዎቻችን «።» በማለት ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለቴ («፡፡») እንመታለን። ዓይን አይለየውም። ገጹ ሲቀናበር ግን አንዱ ሁለት ነጥብ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ፈልጎ በመተካት በአንድ ጊዜ ለውጡት። ድርብ ክፍተቶችንም እንደዚሁ።
3. መጠኑን ወስኑ። ኤ5 (14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር) ለልቦለድም ለግጥምም ይሆናል። ፊደሉን ከ11 ነጥብ በታች አታውርዱት። በአማርኛ ትንሽ ፊደል «ጨ» እና «ጩ»ን ያደባልቃል።
4. ገጹን ለ16 አካፍሉ። መጽሐፍ ነጠላ ነጠላ ገጽ ሆኖ አይታተምም። ትልቅ ወረቀት ይታተማል፣ ከዚያ እየታጠፈ ባለ 16 ገጽ ጥቅል ይሆናል። 208 ገጽ በትክክል 13 እጥፋት ነው። 212 ገጽ ካመጣችሁ ለአራቷ ገጽ ስትሉ ሌላ እጥፋት ትከፍላላችሁ። ወይ አራት ገጽ ቀንሱ (ባዶ ገጾች፣ ረዥም ምስጋና)፣ ወይ እስከ 224 ሙሉት። ምስጋና መቀነስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአጎት ስም አንድ ጊዜ ይበቃል።
5. ፒዲኤፉን በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። በፊደል ፈንታ ሳጥን ሳጥን ካያችሁ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አልተካተተም። ተመልሳችሁ አካትቱ።
6. የውስጡ ጽሑፍ ጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። ከአራት ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ፊደሉን ያደበዝዘዋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ስትሰኩ ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ለመውጣት አንድ ሥራ የፈታ ልጅ ይበቃዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ሰርዙ፣ ሪሳይክል ቢኑንም አጽዱ። ጸሐፊዋ እያየች ቢሆን አትፈሩ፣ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ መጽሐፌ ነው» በሉ፣ ይገባታል። ፒዲኤፉ ካመለጠ ደግሞ የገጹን ምስል አንሱ፣ ቀኑን ያዙ፣ ቻናሉን ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ክርክር ሲመጣ ግን ማስረጃ ያለው ሰው ይቀለዋል። ረቂቆቻችሁን ከነቀናቸው አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ አይኤስቢኤን እና ሽፋን

አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ሰው በለመደው አጠራር ወመዘክር። ቁጥሩን ከሽፋኑ በፊት አውጡ፣ ባርኮዱ የጀርባ ሽፋን ላይ ይገባልና። ሳይለወጥ በድጋሚ ሲታተም አዲስ ቁጥር አያስፈልገውም።

ሽፋን ሠሪው የመጽሐፉን የጀርባ አጥንት ውፍረት ሳያውቅ መጨረስ አይችልም። 208 ገጽ ማለት 104 ቅጠል ነው። በ70 ግራም ወረቀት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ትክክለኛውን ልክ ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፣ ሲከረከም ነጭ መስመር እንዳይቀር። ሽፋኑ ላይ ጦሳ ተራራን ማድረግ ካማራችሁ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን አትውሰዱ። አንድ ፀሐያማ ጠዋት ጠብቁና ራሳችሁ አንሱት። ጭጋጉ ይፈትናችኋል።

ደረጃ 8፦ ማተሚያ ቤት

ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ። ደሴ ውስጥም ጠይቁ። አነስተኛ ሥራ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ስጡ፣ አለዚያ ዋጋዎቹ አይነጻጸሩም፦ የኮፒ ብዛት፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጥ ወረቀት ግራም፣ የሽፋን ግራም፣ ላሚኔሽኑ (የሚያብረቀርቅ ወይስ ደብዛዛ)፣ ጥረዛው (በክር ወይስ በሙጫ ብቻ)፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ።

ወረቀቱን ራሳችሁም አስሉት። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባው 32 የኤ5 ገጽ ይይዛል። 208 ገጽ ስድስት ተኩል ወረቀት ነው። ለ1000 ኮፒ 6500፣ ማለትም 13 ሪም (አንዱ ሪም 500 ወረቀት ነው)፣ ከዚያ ትንሽ ብክነት። 20 ሪም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ «እንዴት?» በሉ። አንድ ጊዜ ስጠይቅ ባለሙያው ዝም ብሎ አየኝና ሪሙን ቀነሰው።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ሳይጻፍ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ፦ የማስረከቢያ ቀን፣ የተበላሸ ኮፒ እንደሚተካ፣ ከተስማማችሁት ብዛት በላይ እንደማይታተም።

ከዚያ ፕሩፍ፣ ማለትም ከህትመቱ በፊት የሚታረመው ናሙና። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የምትችሉ ከሆነ ለርክክብ ሳይሆን ለፕሩፍ ሂዱ። የተረከባችሁትን ስህተት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ አታጠፉትም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ወረቀት ላይ የታተመ ፕሩፍ ጠይቁ። ስክሪን ላይ አታርሙ።
2. መጀመሪያ የገጽ ቁጥሮቹን ብቻ ቁጠሩ።
3. ቀጥሎ የምዕራፍ ርዕሶችን ከማውጫው ጋር አስተያዩ።
4. ከዚያ የሽፋኑን፣ የጀርባ አጥንቱንና የራሳችሁን ስም። በስሙ ላይ ፊደል ተገድፎ የታተመ ደራሲ አይቻለሁ።
5. በመጨረሻ ሙሉውን አንብቡ፣ በሌላ ቀን።
6. እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ይታተም» ብላችሁ ከነቀኑ ፈርሙ። ፎቶ አንሱት።

*ፕሩፍ ላይ ብዙ ስህተት ከወጣ፦* በስልክ አታስተካክሉ። «ገጽ 84፣ ሦስተኛው መስመር» እያላችሁ ስታስጽፉ ሌላ ስህተት ይወለዳል። ፋይሉን ራሳችሁ አርሙና አዲስ ፒዲኤፍ ስጡ፣ የድሮው እንዲጠፋም ጠይቁ። የፋይሉ ስም ላይ ቀን ጻፉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ናቸው መጽሐፌን የገደሉት። ማተሚያ ቤቱ «የመጨረሻ»ን አነሳ፣ ያልታረመውን።

ደረጃ 9፦ መረከብ፣ መጫን፣ ማስቀመጥ

ከየካርቶኑ ሁለት መጽሐፍ አውጡ። እጥፋቶቹ የሚገናኙበትን ተመልከቱ፦ 16 እና 17፣ 32 እና 33፣ 48 እና 49። የሚዘለለው፣ የሚደገመው፣ የሚገለበጠው እዚያ ነው። ከዚያ መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍታችሁ ጫን በሉት። ከተሰነጠቀ ወይም ቅጠል ከለቀቀ ሙጫው አልያዘም። ጉድለት ካለ የርክክቡ ወረቀት ላይ ጉድለቱን ሳትጽፉ አትፈርሙ።

አንዱ 208 ገጽ መጽሐፍ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። 1000 ኮፒ ማለት ሁለት ኩንታል ተኩል። አውቶቡስ ላይ «አንድ ካርቶን ብቻ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የጭነት መኪና ያዙ፣ ካርቶኖቹን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ሸራው ያለቀበት መኪና ላይ አትጫኑ።

ደሴ ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ካርቶኑን ከመሬት በጣውላ አንሱ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ጠላታችሁ ሙቀቱ ነው፣ ከቆርቆሮው ስር አታስጠጉት፣ ሙጫው ይለሰልሳል።

ደረጃ 10፦ መሸጥ

መጀመሪያ ደብተሩ። «እሺ» ያሏችሁ ሰዎች ጋ በመጀመሪያው ሳምንት ድረሱ። በቴሌብርም በእጅም ተቀበሉ፣ ከስማቸው አጠገብ «ከፍሏል» በሉ። «በኋላ እሰጥሃለሁ» ያለው ሰው መጽሐፉን ይዞ እንዳይሄድ፣ በፈገግታ።

ከዚያ አዟሪዎች። ለአንድ አዟሪ አምስት ስጡ፣ ሸጦ ሲመለስ ሌላ አምስት። ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ የሚዞር ልጅ ከአንድ ፖስተር ይበልጣል። ለእሱ አንድ ኮፒ በነጻ ስጡት፣ ያነበበውን መጽሐፍ በሌላ አፍ ነው የሚሸጠው።

ለመደብር ከ10 በላይ አትጀምሩ። በወረቀት ይሁን፦ ስንት ገባ፣ በስንት በመቶ፣ ሂሳብ መቼ ይሠራል። ያለፈው ሳይከፈል አዲስ አይገባም። ባለቤቱ «ጋሼ» የምትሉት ትልቅ ሰው ቢሆንም ወረቀቱ ይጻፍ፣ እንዲያውም ያኔ ነው የሚጻፈው። ሁለት ቀጠሮ ካለፈ ሳትጣሉ መጽሐፉን ሰብስቡ።

ምርቃት ካሰባችሁ ትልቅ አዳራሽ አትከራዩ። 40 ሰው በሚሞላት ካፌ 40 ሰው ሲገባ ሞላ ይባላል። ቀኑን ስትቆርጡ የሁለቱንም እምነት ካላንደር ክፈቱ፦ የዓርብ ስግደት ሰዓት፣ ረመዳን፣ ሕማማት። የሠርግ ወራትንም። እንግዳ ተናጋሪ ከአንድ በላይ አታድርጉ፣ መጽሐፉን ሳያነብ ግማሽ ሰዓት የሚናገር ሰው ገዢ ያስኮበልላል። ይልቅ እናንተ ሁለት ገጽ አንብቡ፣ አምስቱ አንባቢዎቻችሁ «ላንብብልህ» ያሉትን።

አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ ሽፋኑ ላይ «እርማት» ብላችሁ ጻፉበት። አንባቢ ያገኘውን እያንዳንዱን ግድፈት እዚያ ላይ አስምሩ። ካርቶኑ ውስጥ 50 ሲቀር ለሁለተኛው ህትመት ፕሮፎርማ መጠየቅ ጀምሩ፣ ደብተሩንም ከመጀመሪያው ገጽ ግለጡት።